ኦቦ ዋቅጋሪ እና የሚጡ አፍ

ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ዋቅጋሪ የሚባል የከብት ሐኪም አለ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰውየው አሁንም እዚያው ይሠራል፣ እንጀራውም እዚያው ነው። የማወራውን ነገርም ሰው ፊት በገዛ አንደበቱ የተናገረው እሱ ራሱ ነው እንጂ እኔ የሰው ገመና እያነፈነፍኩ የማወጣ ሰው አይደለሁም። ይህ ይታወቅልኝ።

ሐኪም ማለቴም አፌ ለምዶ ነው። በወረቀት ላይ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ አምቦ ተምሮ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እዚህች ከተማ ተመድቦ መጣና ቀረ። ገበሬው ግን ወረቀቱን ምን ያደርግለታል፣ «ዶክተር» ነው የሚለው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ አቶ ለማለት፣ «ኦቦ ዋቅጋሪ» ይለዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምረው ሚስቱ ድንቅቱ ደግሞ ሲያናድዳት «አንተ ሰውዬ»፣ ሳያናድዳት «ዋቆ» ትለዋለች። አብዛኛውን ጊዜ «አንተ ሰውዬ» ነው።

ክሊኒኩ ሁለት ጠባብ ክፍልና አንድ ሰፊ ግቢ ነው። ግቢው መሃል፣ ክራሽ የሚሉት፣ ከብት ገብቶ እንዳይንቀሳቀስ የሚያዝበት የእንጨት መቆሚያ ተተክሏል። ማክሰኞና ሐሙስ ገበሬው በሬውን፣ ላሙን፣ በጉን፣ አህያውን እየነዳ ከየቀበሌው ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ቀይ ኮርማ መቆሚያውን ሰብሮ ወጣ። ተሰልፎ የነበረው ገበሬ አጥር ላይ ተንጠለጠለ፤ ዘበኛው ሽንት ቤት ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ። ዋቅጋሪ መርፌውን እንደያዘ ባለበት ቆመና በኦሮምኛ «ምን ሆነህ ነው ወንድሜ፣ ማን አስቀየመህ» ብሎ ጠየቀው። ኮርማው ትንሽ አሰበበት። ከዚያ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሣር መንጨት ጀመረ፤ ዋቅጋሪም በጎኑ ቀስ ብሎ ተጠግቶ ወጋው። ይህን ያላየ ሰው ሁሉ አይቻለሁ ብሎ ይምላል።

ይህ ሰው ታዲያ ድመት ይፈራል።

አትሳቁ። ድመት ነው ያልኩት። ውሻ አይፈራም፤ ያበደ ነው የተባለን ውሻ እንኳ ገመድ ይዞ የሚጠጋ እሱ ነው። እባብ ቤት ገባ ቢባል ጎረቤት የሚጠራው እሱን ነው። ድመት ግን ገና ከሩቅ ስታየው እግሩ ሳያዝዘው በሩ የት እንዳለ ይፈልጋል። በተማሪነቱ ዘመን በአንድ የተግባር ትምህርት ላይ ድመት ያዝ ተብሎ ያዘ፤ እንስሳዋ ክንዱ ላይ ተጠምጥማ በጥርስም በጥፍርም ሠራችበት። ሊለቃት ይፈራል፣ ሊይዛትም ይፈራል፤ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ። ጓደኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልሳቀበትም።

ደግነቱ እዚያ ከተማ ድመቱን ላሳክም ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ አይደለም። ድመት ከታመመች ወይ ትድናለች ወይ ትጠፋለች፤ ሰው ሥራ አለው። ቢሆንም በዓመት አራት አምስት ሰው አይታጣም፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ፣ እያለቀሱ የመጡ ልጆች። ለእነዚህ ዋቅጋሪ ዘዴ አበጅቶላቸዋል። ጠረጴዛውን በመሃል ያደርግና «ክዳኑን አይክፈቱት፣ ብርድ ይመታታል» ይላል። ሲያሻው «ድመት ራሷን ነው የምታክመው፣ ሣር በልታ ትተፋዋለች» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «ለድመት የሚሆን መድኃኒት አይላክልንም፣ አዲስ አበባ ይውሰዷት» ብሎ ይገላገላል፤ ድመት ታቅፎ አዲስ አበባ የሚሄድ እንደሌለ ልቡ እያወቀ። አንድም ቀን እጁን አስጠግቶ አያውቅም።

ሰው ታዲያ «ዋቅጋሪ ለትንሽ እንስሳ ርኅራኄ የለውም፣ ጨካኝ ነው» ይላል። እሱም ይሰማል። ይበሉኝ ይላል በሆዱ። አንድ ክንድ የማትሞላ ፍጥረት የሚፈራ የከብት ሐኪም ተብሎ በገበያ መሃል ከማለፍ ጨካኝ መባል ይሻለዋል። ደግሞስ ፈሪ ለሆነ ሰው ኮርማውን ማን ያስረክበዋል? እንዲህ እያለ ምስጢሩን ከሃያ ዓመት በላይ ይዞ ኖረ፤ ከድንቅቱ እንኳ ደብቆ። ባዮሎጂ ከምታስተምር ሴት እንዲህ ያለ ነገር መደበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት። ሮቤራ የሚባል ገበሬ ላሙን እየጎተተ እየገፋ መጣ። አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ሆዷ ተነፍቷል። ድንች ሳታኝክ ውጣ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮባታል። ዋቅጋሪ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ፣ ክንዱን ዘይት ቀብቶ፣ መንጋጋዋ መሃል እንጨት አጋድሞ እጁን ሰደደ። እስከ ብብቱ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ እየፈለገ፣ በሌላ እጁ ከውጭ ጉሮሮዋን እየገፋ ቆየ። ከዚያ ጭብጥ የሚያህል ድንች ይዞ ወጣ፤ ላሟም ረጅም ግሳት ለቀቀች።

ሮቤራ በኦሮምኛ «ገለቶሚ ዶክተር፣ ገለቶሚ» ብሎ እያመሰገነ ትከሻውን ሳመው። ዋቅጋሪ ድንቹን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ትንሽ መታየት ይወዳል፣ ለምን ይዋሻል። ሰዉ አጨበጨበ፤ እሱም ክንዱን እየታጠበ «ቀጥሎ ማን አለ» አለ።

ቀጥሎ የነበሩት፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በማለዳ የተሰለፉት ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው። ሸዋገነትን የማያውቅ የለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የከተማውን ወጣት ሁሉ ትራንስክሪፕት የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው አያውቁም ይባላል። ባላቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጃቸው ጅማ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ሚጡ የምትባል ግራጫ ድመት ብቻ ናት። ማታ ማታ ለእሷ የቀኑን ወሬ እንደሚነግሯት ጎረቤት ያውቃል፤ ማን ማኅተም ሳያስመታ እንደመጣ፣ ማን ፎቶግራፉን እንደረሳ። ሚጡም ትሰማለች።

ሸዋገነት ክዳኗ በገመድ የታሰረ የቀርከሃ ቅርጫት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። ዋቅጋሪ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገ።

«ወንድሜ ዋቅጋሪ፣ ከእሑድ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አሉ። «ወተት አቀርብላታለሁ፣ ትጠጋና ትመለሳለች። ለሃጯ ይወርዳል። በእጇ አፏን ትመታለች፣ እንዲህ፣ እንዲህ።» ራሳቸው በእጃቸው አፋቸውን እየመቱ አሳዩት። «ልከፍትላት ብዬ ታገልኩ፤ መነጽሬን አድርጌም አልታየኝ። እስቲ አንተ እያት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዋቅጋሪ ሥራውን ያውቃል። ለሃጭ፣ አለመብላት፣ አፍን በእግር መምታት፤ ገና ሸዋገነት ተናግረው ሳይጨርሱ አፏ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር እንዳለ ገብቶታል። አሁን የላሟን ጉሮሮ በርብሮ የወጣ ሰው እኮ ነው። አፏን ከፍቶ ማየት ብቻ ነበር የቀረው። እጁ ግን ከጭኑ ላይ አልነሳ አለው።

«ጥገኛ ትል ነው» አለ።

«ትል?»

«ትል ነው፣ እትዬ ሸዋገነት። በዚህ ወቅት ይበዛል።» ካርድ አወጣ። ካርዱ ላይ የእንስሳው ዓይነት የሚል ቦታ አለ፤ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ የጋማ ከብት፣ ዶሮ ይልና «ሌላ» ይላል። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ለበግ የሚሰጠውን የትል ክኒን አወጣና በምላጭ ሩቡን ቆርጦ በወረቀት ጠቀለለ። «ይህን በወተት በጥብጠው ይስጧት።»

«ወተት አልቀምስም ብላለች እያልኩህ።»

«ይለፍላታል።»

«ቢያንስ ክዳኑን ከፍተህ ብታያት ምናለ?»

ዋቅጋሪ ቅርጫቱን አየ። በቀርከሃው ክፍተት አንድ ቢጫ ዓይን ያየዋል። «ሰልፉ ብዙ ነው» አለ፤ ድምፁም ሳያስበው ሻከረ። «ካልሆነላትም ደግሞ ድመት ናት፤ ከሰው ቤት ሌላ ግልገል አይታጣም።»

ሸዋገነት ገመዱን መልሰው አጠበቁ፣ ቅርጫቱን ደረታቸው ላይ ታቅፈው በገበሬውና በበሬው መሃል አልፈው ወጡ። ዋቅጋሪ በሩን ሲወጡ እፎይ አለ። ወዲያውም በራሱ አፈረ። በዚያ ቀን ሌላ አሥራ ሁለት ከብት አከመ፤ አንዱም ደስ አላለውም።

ሐሙስ ጠዋት በመስኮት ሲያይ ቅርጫቷ በበሩ እየገባች ነው። ሸዋገነት ከኋላዋ ነበሩ፤ እሱ ያየው ግን ቅርጫቷን ነው። ቦርሳውን አንስቶ «መስክ ወጥቷል በላቸው» ብሎ ለዘበኛው ነገረና በጓሮ በር ወጣ። ጓሮው ውስጥ መስክ የለም፤ የጎመን መደብና የጎረቤት አጥር ነው ያለው። አጥሩን ሾልኮ ከኋላው ባለች ሻይ ቤት ገብቶ እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። ኮርማ ያስቆመ ሰው ጎመን መሃል ተጎንብሶ ሲያልፍ ያየው ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን አእምሮው አላረፈለትም። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ድመት ሳትበላ ስንት ቀን እንደምትቆይ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ጉበቷ እንደሚበላሽ፣ የተሰነቀረው ቢወጣላትም እንደማትመለስ ተምሯል። ቅዳሜን ብታልፍ ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያችን አንዲት ደቂቃ ግን ከየት ያምጣት።

ዓርብ ከሰዓት ድንቅቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ብርቱካን በፌስታል ይዛለች።

«ተነስ ልበስ» አለችው። «ሸዋገነትን ልንጠይቅ ነው።»

ዋቅጋሪ ብድግ አለ። «ምን ሆነው?»

«እሷ አይደለችም፣ እናቷ ናቸው መሰል። ትናንት ከሰዓት ፈቃድ ጠየቀች። አስበው፣ ሸዋገነት ፈቃድ ስትጠይቅ። ‹ቤት ሕመምተኛ አለብኝ፣ ጥዬ መምጣት አልቻልኩም› አለች፤ ርእሰ መምህሩ ደንግጦ እስክሪብቶ እንኳ ሳያነሳ ‹ሂጂ› አላት። እናቷን ከእንጭኒ አምጥታቸው ይሆናል፣ አምናም ታመው ነበር።»

ዋቅጋሪ ለሴትዮዋ አዘነላቸው። በአንድ ሳምንት እናትም ድመትም፤ ይብላኝላቸው። ድመቷ ምናልባት ሞታ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ያን በማሰቡ ደግሞ ትንሽ ቀለል ስላለው ራሱን ጠላው። የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይቀርም፤ ኮቱን ደርቦ ተከተላት።

በሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሁለት አስተማሪዎች ዳቦና ለስላሳ ይዘዋል። ከፊት የቆመው ጉተማ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛና በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን መሪ። ጉተማ ደግ ሰው ነው፤ ጸሎቱ ግን ረጅም ነው። ሸዋገነት በሩን ከፈቱ፤ ዓይናቸው አብጧል። «ግቡ፣ ግቡ» ብለው አስገቧቸውና ብርጭቆ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሄዱ። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ብርጭቆ ሳያስይዙ ሰው አያስቀምጡም፤ ተዉ ቢባሉም አይሰሙ።

መኝታ ቤቱ በመጋረጃ ተጋርዷል። ጉተማ መጋረጃውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከመቀመጣችን በፊት ብንጸልይላቸው» አለ። ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረው ቆሙ። ጉተማ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። በአልጋ ላይ የተኙትን እናታችንን አሳሰበ፣ ያሳደጓቸውን ልጆች አሳሰበ፣ የደከሙ ጉልበቶቻቸውን፣ በእንጭኒ ብርድ የጎሰቆለ ወገባቸውን ሁሉ በስም እየጠራ አሳሰበ። ሸዋገነት ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር፤ እሳቸው የማርያም ሰው ናቸው፣ ቢሆንም ጸሎት አያቋርጡም። ግራ እየተጋቡ ቆመው ጠበቁና መጨረሻው ላይ «አሜን» አሉ።

«እማማ ነቅተው ከሆነ ገብተን ሰላም እንበላቸው?» አለች ድንቅቱ።

«የትኛዋ እማማ?»

«እናትሽ ናቸዋ።»

«እናቴማ እንጭኒ ናት» አሉ ሸዋገነት። «ትናንት በስልክ አገኘኋት፤ ደኅና ናት፣ ሽንኩርቷን እያስነቀለች ነው።»

ጉተማ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«ታዲያ የታመመው ማን ነው?» አለች ድንቅቱ።

ሸዋገነት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጥግ ወዳለው ባለመደገፊያ ወንበር በአገጫቸው አመለከቱ። ባላቸው ይቀመጡበት የነበረ ወንበር ነው። አንድ ነጠላ ተጎዝጉዞበታል፤ ነጠላው ላይ ሚጡ ተኝታለች። ጎኗ ገብቷል፣ ጸጉሯ ቆሟል፣ አፏ በትንሹ ገርበብ ብሎ አገጯ ርሷል። «እሷ ናት» አሉ ሸዋገነት፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ።

እንግዲህ ሌላ አገር ቢሆን እዚህ ላይ ሰው ሳቁን ይለቅቅ ነበር ይሆናል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አልሳቀም። ለመጠየቅ የመጣ ሰው ጠያቂ ነው፤ ብርቱካኑንም መልሶ አይወስድም። አንዱ አስተማሪ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን አየ እንጂ ሁሉም በየወንበሩ ተቀመጠ። ጉተማ ጉሮሮውን ጠራርጎ «መቼም ጸሎት ለፍጥረት ሁሉ ነው» አለ። ከዚያ በሕመምተኛ ቤት የሚባለው ሁሉ በተራ ተባለ። መቼ ጀመራት? ሌሊት ታንቀላፋለች? እህል ትቀምሳለች? ሸዋገነት እየተናነቃቸው ለሁሉም መለሱ፤ ሲያወሩም ቀለል ያላቸው መሰለ።

«ሐኪምስ አላያትም?» አለ ጉተማ።

ዋቅጋሪ ከበሩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ ነው የመረጠው፤ እዚያው ላይ ኩምትር አለ። ሸዋገነት ወደ እሱ አላዩም። «ሐኪም አይቷት ነበር» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «መድኃኒትም ሰጥቷት ነበር።»

ስሙን አልጠሩም። ቤታቸው የገባ እንግዳ ነውና አላዋረዱትም። ድንቅቱ ግን በከተማው ውስጥ ስንት የእንስሳት ሐኪም እንዳለ ታውቃለች፤ ቀስ ብላ ወደ በርጩማው ዞረች፣ ሌሎቹም ተከትለዋት ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ» አለች። «ተነስና እያት እንጂ።»

«መሣሪያ አልያዝኩም እኮ» አለ ዋቅጋሪ።

ድንቅቱ ቦርሳዋን ከፍታ የቅንድብ መንቀያዋን ወረንጦ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ብርሃኑም አይበቃም» አለ። ጉተማ የስልኩን ባትሪ አበራ። «ውኃና ሳሙና…» ሲል አንዱ አስተማሪ ማስታጠቢያውን ይዞ ቆሟል። ጓሮ በር የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ካርድ የለም። ወንበሩ ላይ ደግሞ ከእሑድ ጀምሮ የተራበች ነፍስ አለች፤ ነገ ቅዳሜ ነው።

ዋቅጋሪ ሄዶ ወንበሩ ሥር ተንበረከከ። ሚጡ ዓይኗን ከፍታ አየችው። ወረንጦውን ወደ ማስታጠቢያው መልሶ በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበ። ሁሉም ሰው ጥንቃቄ መሰለው።

«እትዬ ሸዋገነት» አለ። «በነጠላው ጥቅልል አድርገው ይያዙልኝ። እግሮቿ ውጭ እንዳይቀሩ። አራቱም።»

ሸዋገነት ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስጠጓት፤ ሲይዟት ዝም አለች። ዋቅጋሪ በግራ እጁ ራሷን ያዘ። በሕይወቱ ድመት ሲነካ ይህ ሁለተኛው ነው። ትኩስና ቀላል ነበረች፤ አጥንቷ ከቆዳዋ ሥር ይቆጠራል። አፏን ወደ ላይ ቀና አድርጎ በጣቱ ከፈተ፣ ጉተማ ባትሪውን አስጠጋ። ላንቃዋ ላይ፣ ከግራ መንጋጋ እስከ ቀኝ መንጋጋ፣ ቀጭን የዶሮ አጥንት ተጋድሞ ተሰንቅሯል። ዙሪያው አብጦ ቆስሏል። ጎረቤት እሑድ ዶሮ ሠርቶ ነበር፣ አሉ ሸዋገነት በሹክሹክታ። ዋቅጋሪ በወረንጦው ጫፉን ያዘ፣ ወደ ጎን ጠምዘዝ አደረገው፣ ሳበው። ቀጭ ብሎ ወጣ።

ከቄጠማ የቀጠነ ነገር ነው። ሁሉም ተራ በተራ አዩት። ሚጡ አፏን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈተችና ከደነች፤ ከዚያ ከነጠላው ውስጥ ወጥታ ወለሉ ላይ ተንገዳግዳ ቆመች። ሸዋገነት ወተት በሳህን አምጥተው አስቀመጡ። አሸተተችው። ስድስት ሰው ትንፋሹን ይዞ አንዲት ድመት ሲያይ አስቡት። ምላሷን አወጣች፤ ጠጣች።

«እልል» አለች አንደኛዋ አስተማሪ። ጉተማ የዋቅጋሪን ትከሻ ጨበጠ፤ «እጅህ ይባረክ፣ ዶክተር። ይኸው እግዚአብሔር በአንተ እጅ መለሰልን።» ሌላው «ይህን ሰውዬ ጨካኝ ነው ይሉታል እኮ» አለ። ድንቅቱ እንኳ «ዋቆዬ» አለችው፤ ሰው ፊት ብላው አታውቅም። ሸዋገነት ግን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ድመቷን ያያሉ።

ዋቅጋሪ እንደተንበረከከ ነው። ዝም ቢል ኖሮ እኮ ጀግና ሆኖ ቤቱ ይገባ ነበር። ድንቹን ለሕዝብ ያሳየ ሰው አጥንቱን ከፍ አድርጎ ቢያሳይ ማን ይከለክለዋል? ነገር ግን ምስጋናው ሆዱ ውስጥ አልገባ አለው፤ አጥንቱን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

«አታመስግኑኝ» አለ።

«ትሕትናህን ተወው» አለ ጉተማ።

«ትሕትና አይደለም። ማክሰኞ አፏን ብከፍት ኖሮ ማክሰኞ ትበላ ነበር። አፏ ውስጥ ነገር እንዳለ ገና ነግረውኝ ሳይጨርሱ ገብቶኛል። አልከፈትኩም፤ ትል ነው ብዬ ዋሸሁ። ሐሙስም መስክ አልወጣሁም፣ በጓሮ በር ነው የሸሸሁት።» ቆመና ወረንጦውን ለድንቅቱ መለሰላት። «ድመት እፈራለሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ እፈራለሁ።»

ሚጡ ወተቷን ትልሳለች። ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ የነበረው አስተማሪ ማሳል ጀመረ፤ ሳልም አይመስልም። ድንቅቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች፤ አይጥ ጤፏን ሲጨርሰው ድመት እናምጣ ባለች ቁጥር «ጸጉሯ ለአስም መጥፎ ነው» እያለ ሲመልሳት ከቤታቸው ውስጥ አስም ያለበት ማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

ዋቅጋሪ ሸዋገነት እንዲሰድቡት ጠበቀ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እሳቸው የሚጡን አገጭ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ሳህኑን ትንሽ አስጠጉላት፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው እንደገና እንባ አቅርሯል፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«እኔ እኮ ድመቴን ንቀሃት መስሎኝ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ» አሉት። «ፈራሁ ብትለኝ ኖሮ እዚያው ማክሰኞ እይዝልህ ነበር።»